ነጩ ሲሊንደር

ወንድሜ የሚተነፍሰው ከብረት ውስጥ ነበር። ሌላው ልጅ አየሩን በየሜዳው በነጻ ሲምገው፣ የእሱ ትንፋሽ ግን በሲሊንደር ተሞልቶ፣ በአባቴ የእጅ ጋሪ እየተገፋ ይመጣ ነበር። ሲሊንደሩ ከአልጋው ራስጌ፣ በሰንሰለት ከግድግዳው ጋር ታስሮ ይቆማል። ከእኔ ይረዝም ስለነበር የቤቱ ታላቅ ልጅ እሱ ይመስለኝ ነበር፤ ጠዋት ስነሳ እንደ ሰው “እንዴት አደርክ?” እለዋለሁ።

ይህን የማወራው ግን ለሲሊንደሩ ብዬ አይደለም። እናቴ አባቴን ከግማሽ ዕድሜዋ በላይ ጠልታው ኖራለች። እኔም ለረጅም ጊዜ አብሬያት ጠልቼዋለሁ። የጠላነው በዓይናችን ባየነው ነገር ነው፤ ማንም ነግሮን፣ ማንም አሳስቶን አይደለም።

የወንድሜ ሳንባ ከሕፃንነቱ የተጎዳ ነበር። ከአልጋው ተነስቶ እስከ በሩ ሲሄድ ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል። ትምህርት ቤት መሄድ ስለማይችል የሚያስተምረው አባቴ ነበር። አባቴ በጋዝ መሙያ ፋብሪካ ውስጥ ሲሊንደር ቀቢ ነው። ያኔ እዚያ ፋብሪካ የሲሊንደሮቹ ሁሉ ቁመትም አፍም አንድ ዓይነት ስለነበር፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነው። ነጭ ከሆነ ኦክስጅን፣ ጥቁር ከሆነ ናይትሮጅን። “ነጭ ካያችሁ አትጠራጠሩ፣ የእኛ ነው” ይለን ነበር። እኔ ደግሞ የአባቴ ሥራ አንዱን ጋዝ በብሩሽ ወደ ሌላ መለወጥ ይመስለኝ ነበር። ቀብቶ ሲጨርስ ጥቁሩ ነጭ ይሆናል፤ ውስጡም አብሮ ይለወጣል። በዚህ እኮራበት ነበር።

ኬሚስትሪ ነፍሱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ከዚያ በላይ ስላልገፋ፣ የቀረውን ትምህርት በእኛ ላይ ተወጣው ማለት ይቻላል። ማታ ማታ እራት ከተነሳ በኋላ ወንድሜ አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጥና ይጀምራል።

“ሰው ከምን ተሠራ?”

“ከአፈር” ይላል ወንድሜ፣ ሊያበሽቀው።

“አፈሩንስ ተወው። ሰውም ይሁን ዛፍ፣ ጉንዳንም ይሁን በሬ፣ ነፍስ ያለው ሁሉ ባብዛኛው ከአራት ነገር ነው የተሠራው። ኦክስጅን፣ ካርቦን፣ ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅን። አራት! እኛስ ስንት ነን?”

“አራት!” ብዬ ጮህኩ። እሱም አከፋፈለን።

ወንድሜ ኦክስጅን ሆነ፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም። እናቴ ካርቦን ሆነች። “ካርቦን አራት እጅ አለው፤ ሁሉንም አቅፎ የሚይዘው እሱ ነው፤ እሱ ባይኖር ሁላችንም ተበታትነን ነበር” አላት።

“ካርቦን ከሰል አይደለም እንዴ? ከሰል ልትለኝ ነው በገዛ ቤቴ?”

“አልማዝም ካርቦን ነው።”

“እሱን አምጣና እናወራለን” አለችው፣ ሳህኑን እያጠበች። ስትስቅ ትከሻዋ ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው።

አባቴ ራሱን ሃይድሮጅን አደረገ። “በቁጥር ከሁሉ ይበዛል፣ ሲመዘን ግን የለም። ልክ እንደ ደሞዜ።” ለእኔ የተረፈኝ ናይትሮጅን ነበር። ምን እንደሚሠራ ብጠይቀው፣ ከአየሩ አብዛኛው እሱ መሆኑን፣ በየትንፋሻችን ገብቶ ምንም ሳያደርግ ተመልሶ እንደሚወጣ ነገረኝ። አለቀስኩ። ምንም የማያደርግ መሆን አልፈለግኩም። አባቴ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ። “ሞኝ! በምግብ ሲመጣ እኮ ሥጋ የሚሆነው እሱ ነው። ይኼ ጉንጭሽ ያለ ናይትሮጅን ከየት ይመጣ ነበር?” ብሎ ጉንጬን ነከሰኝ። ከዚያ ወዲህ “ናይትሮጅኔ” ካላለኝ በስተቀር ዞሬም አላየውም ነበር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በግትርነቷ ካልሲየም ተባለች። ፎስፈረስ ደግሞ ዓይኗ በጨለማ ስለሚያበራ ድመቷ ሆነች።

የዚያን ዓመት ኦክስጅን ጠፋ። ለምን እንደጠፋ ትልልቆቹ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ “መለዋወጫ”፣ “ኮምፕረሰር”፣ “ሆስፒታሉ ይቅደም” ይላሉ። እኔ የገባኝ ለአንድ በሽተኛ ከአንድ ሲሊንደር በላይ መያዝ እንደተከለከለ ብቻ ነው። የወንድሜ ሲሊንደር ሲያልቅ አባቴ ባዶውን ገፍቶ ሄዶ፣ ተራ ጠብቆ፣ አስሞልቶ እስኪመለስ ድረስ ወንድሜ በመስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ከንፈሩ እየጠቆረ ይሄዳል። እናቴ በካርቶን ቁራጭ እያራገበችለት ስለሆነው ስላልሆነው ታወራለታለች። አንድ ቀን እንደዚህ ሲጠብቅ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ነፍሱ ስትመለስ እናቴ አባቴን አንገቱን ይዛ “ሁለተኛ እንዲህ እንዳላየው። ብትሰርቅም፣ ብትለምንም፣ ሁለተኛ እንዳላየው” አለችው።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ እናቴ ገበያ ሄዳ ሳለ፣ አባቴ በጋሪው ላይ ጆንያ የተሸፈነ ነገር ይዞ በጓሮ በር ገባ። ጆንያውን ሲገልጠው ጥቁር ሲሊንደር ነው። ቀለሙ ተላልጧል፣ ከታች በኩልም ዝጓል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ጠቀሰኝ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ በጨርቅ ወለወለው፣ ነጩን ቀለም ከፍቶ መቀባት ጀመረ። እየቀባ ያፏጫል። አባቴ ሲያፏጭ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ከገበያ ስትመለስ የጥቁሩ ዘር እንኳ አይታይም።

“ምንድን ነው ይኼ?”

“መጠባበቂያ።”

“ከየት?”

“ከፋብሪካ።”

“ፈቅደውልህ?”

“አንቺ ደግሞ! ዝም በይ እስቲ” አለና ሳቀ። እሷም የሳቀች መስላ ዘወር አለች። አባቴ ብሩሹን ላምባ ውስጥ ነከረ። “እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው። እኔ ከሚሞላው ልጅ ጋር አንድ ነገር ተነጋግሬ መጣሁ” ብሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ የወንድሜ ሲሊንደር ሳይታሰብ አለቀ። የመለኪያው መርፌ ገና ሩብ ላይ ነበር፤ እናቴ በጣቷ ብትመታው ዜሮ ላይ ወደቀ። ወንድሜ ማስኩን አውልቆ እየሳለ ወደ እኛ አየ። እናቴ ምንም አልጮኸችም። በሩጫ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ነጩን ሲሊንደር እንደ ልጅ አቀፈችው፣ በጠርዙ እያሽከረከረች ደረጃውን አስወጥታ አስገባችው። ቀለሙ ከእጇም ከቀሚሷም ላይ ተለጥፏል። አባቴ እንዳሳያት የማስኩን ጎማ ከባዶው ነቅላ ገጠመችው፤ በመፍቻ አጠበቀችው፤ ከፈተችው። ፍስስ አለ። መርፌው ወደ ላይ ተነሳ።

“አለው! አለው! ተመስገን!” ብላ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

ወንድሜ ማስኩን አጠለቀ። ሳሉ ተወው። እኔ ከእግሩ ሥር ተቀምጬ አየው ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና ሳቀ። ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበረም። “ጣሪያው ቀለለ” አለኝ ከማስኩ ሥር። አዲሱ ከአሮጌው እንደሚበልጥ ገባኝ። ከዚያ ዓይኑን ከደነ።

“ተኛልኝ” አለች እናቴ በሹክሹክታ። “ስንት ቀኑ እንቅልፍ ካየ። እንዳትቀሰቅሺው!” በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች ቀሚሷን ልታጥብ ወጣች። እኔ ዝንብ እንዳያርፍበት ተቀምጬ ጠበቅኩት።

አሁን ነርስ ነኝ፤ ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ናይትሮጅን ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ አያስልም፣ እንደ ጭስ ጉሮሮ አይዘጋም። ኦክስጅን ያጣ አእምሮ አንዳንዴ ከመጥፋቱ በፊት ደስ ይለዋል። ያን ጊዜ ግን የማውቀው ወንድሜ ደልቶት መተኛቱን ነበር።

አባቴ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ያየው ወንድሜን አልነበረም፣ ሲሊንደሩን ነው። ሄዶ ቫልቩን ዘጋው። ከዚያ ጣቶቹን ወንድሜ አንገት ላይ አድርጎ በጣም ቆየ። እናቴ እርጥብ ቀሚሷን ይዛ ብቅ አለች። “ተኝቶ እኮ ነው፣ ምን ትነካካዋለህ?” አለችው።

“ልቡ ነው” አላት አባቴ ሳይዞር። “ልቡ ደክሞ ነው። ሄዷል።”

እንዴት እንደጮኸች አልጽፍም። የሚገርመው አባቴ ያደረገው ነገር ነው። ጎረቤት ደርሶ ከመግባቱ በፊት፣ እናቴን ክንዷን ይዞ እየጎተተ ወደ ጓሮ አወጣትና እጇን በላምባ ማጠብ ጀመረ። ጣት በጣት፣ ከጥፍሯ ሥር ሳይቀር እያሸ ነጩን ቀለም አስለቀቀው። እሷ “ልጄን! ልጄን!” ትላለች፣ እሱ እጅ ያጥባል። ልጁ ሞቶ ስለ ንጽሕና የሚጨነቅ ሰው አየሁ ብዬ አፈርኩበት።

በማግሥቱ ቤቱ በሰው ተሞላ። ልብስ ሰፊዋ እናቴን ከኋላ ደግፋ ይዛታለች። አባቴ በመካከል ጠፋ። ከጓሮ በኩል ክርር፣ ክርር የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። እናቴ ተነሳች፣ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። አባቴ ሲሊንደሩን ሁለት ጉልበቶቹ መሀል አጋድሞ በመፋቂያ እየፋቀው ነው። ነጩ ተነስቷል፤ ከሥሩ ያለውም ተነስቷል፤ ራቁት ብረቱ ያበራል። እግሩ ሥር ያለው የቀለም ቅርፊት ከአመድ ጋር ተደባልቋል።

“ምን እያደረግህ ነው?” አለችው እናቴ።

“ነገ ለፋብሪካው መመለስ አለበት።”

“ልጅህ እኮ እቤት ውስጥ ተጋድሟል።”

“አውቃለሁ።”

“ልጅህ ተጋድሞ፣ አንተ የሰረቅኸውን ብረት ትደብቃለህ?”

አባቴ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መፋቁን ቀጠለ። እናቴ ተፋችበት። ልብስ ሰፊዋ መጥታ ወሰደቻት፤ “ልቡ ድንጋይ ነው፣ ተይው፣ የድንጋይ ልብ ነው ያለው” ትላት ነበር።

እኔ ግን ከምጣዱ ጀርባ ቀረሁ። ብዙም ሳይቆይ ከፋብሪካው አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ በጓሮ በር መጣ። ቀስ እያሉ ያወራሉ። መሀል ላይ “ናይትሮጅኑን” የሚል ሰማሁ። ስለ እኔ የሚያወሩ መስሎኝ ተጠጋሁ።

“ማነው የገጠመው?” አለ ሰውዬው።

“እኔ ነኝ” አለ አባቴ።

“አንተ? ቀለሙን መለየት ሥራህ የሆነው ሰውዬ?”

“እኔ ነኝ የገጠምኩት። ቸኩዬ ነው።”

ደሜ ፈላ። ወንድሜን ያስተኛችው፣ ሳሉን ያስቆመችለት፣ ያን ከባድ ብረት ደረጃ ያስወጣችው እናቴ ናት። እሱ በቦታው እንኳ አልነበረም። ለራሱ ምስጋና ሊወስድ ነው ብዬ “ውሸቱን ነው! እማዬ...” ብዬ ስጀምር፣ አባቴ ተወርውሮ አፌን ያዘኝ። መዳፉ ላምባ ላምባ ይላል። ጥርሴ ከንፈሬን እስኪቆርጠው ድረስ ነው የያዘኝ። መትቶን አያውቅም ነበርና ይህ ለእኔ ከዱላ ባሰብኝ። ሰውዬው አየኝ፣ አባቴን አየው፣ ከዚያ ራቁቱን ሲሊንደር ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

“እሺ” አለ በመጨረሻ። “አንተ ነህ። ከነገ ወዲያ ግን ፋብሪካው በር ላይ እንዳላይህ። ለእኛም ለአንተም የሚሻለው ነገሩ እዚሁ ቢቀር ነው።”

አባቴ በስርቆት ተባረረ ተባለ። እናቴም ያመነችው ይህንኑ ነው፤ አባቴም አላስተባበለም። ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ ጥቂት ኖሩ፤ ኖሩ ከተባለ። እሷ ምግቡን ጠረጴዛው ላይ ትተውለትና ትወጣለች። እኔን ናይትሮጅኔ ብሎ መጥራቱን ተወ፤ አንድም ቀን ሳይሳሳት በስሜ ብቻ ይጠራኝ ጀመር። በዚያች አፌ የተነሳ ተቀይሞኝ ነው ብዬ አኮረፍኩት። አንድ ጠዋት እናቴ የእኔንና የእሷን ልብስ በሁለት ፌስታል ከትታ ወጣን። ለረጅም ጊዜ “አባትሽስ?” ሲሉኝ “የለም” እል ነበር። “የለም” ስል የሞተ መስሏቸው “ነፍስ ይማር” ሲሉኝም ዝም ነው።

የነርስ ትምህርት ላይ ሳለሁ አንድ አስተማሪያችን ወደ ኦክስጅን መጋዘን ወሰደን። “ቀለም ብቻ አይታችሁ አትመኑ” አለና አንድ ያረጀ ሲሊንደር በቁልፍ ጫረው። ከነጩ ሥር ጥቁር ነበር። ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። እኔ ደብተሬን እዚያው ትቼ ወጣሁ፤ የዚያኑ ቀን አባቴን ፍለጋ ሄድኩ።

አባቴ የሰው በርና መስኮት እየቀባ ነበር የሚኖረው። ከአንድ አጥር ሥር በርጩማ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሸብቷል፤ ያ ቀለል ያለ ሰውነቱ የበለጠ ቀልሏል።

“ጥቁር ነበር” አልኩት፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጠው።

ብሩሹን ጣሳው ላይ አጋደመ። ስለ ምን እንደማወራ አልጠየቀኝም። ወረደና በርጩማውን ለእኔ ገፋልኝ።

“ነበር” አለ።

“ጋዝ እንዳለበት ለምን አመጣኸው? ለምን ባዶ አላደረግኸውም?”

“ባዶ አይተውም፣ ልጄ። እርጥበት ከገባበት ውስጡ ይዝጋል። ወንድምሽ ዝገት እንዲስብ ነው? እስኪሞላ ድረስ ትንሽ ናይትሮጅን እንተውበታለን፤ ሥራችን እንደዚያ ነው። ማታ አስወጥቼ፣ አሳጥቤ፣ ኦክስጅን ላስሞላለት ነበር።” እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። “ለሳንባው ብዬ ነው የተጠነቀቅኩት።”

“ለእማዬ ብትነግራትስ?”

“ስወጣ ልነግራት ይገባ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ደስታ አዘናጋኝ። ከሆነ በኋላ ደግሞ...” የደረቀ ቀለም ከአውራ ጣቱ ላይ ፋቀ። “አንቺ አላየሽውም መሰለኝ። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር። እጇ ታትሞበታል። መዳፏ፣ አሥሩም ጣቷ፣ ልክ እንዳቀፈችው። ሰው ሲመጣ ያንን ሊያይ ነው። እሷ ራሷም ከሥሩ ያለውን ጥቁር ልታይ ነው።”

“እሷ እኮ አንተን...”

“እኔን ጠልታ ትኖራለች። ራሷን ጠልታ ግን አንድ ቀን አታድርም፤ አውቃታለሁ።” ብሩሹን አነሳ። “ያኔ አፍሽን አሳምሜሽ ነበር። ይቅር በይኝ።”

እግሩ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ “የለም” ማለቴ አንገበገበኝ። ለእናቴ እንዳልነግር አስማለኝ፤ ማልኩለት። ከዚያ ወዲህ ተደብቄ ወደ እሱ እመላለስ ነበር። ምግብ ስወስድለት ሳህኑን አጥቦ፣ ወልውሎ ይመልስልኛል።

ባለፈው ወር ሞተ። ለእናቴ ስነግራት “የራሱ ጉዳይ” አለች፤ ቀብሩ ላይም አልመጣችም። ከመቃብር በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። አልጋዋ ላይ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። መብራት አላበራችም።

“ጨረሳችሁ?”

“ጨረስን።”

“ሰው ነበረ?”

“ጥቂት።”

ነጠላ ጫማዋን በእግሯ እየገፋች ቆየች። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ጉልበቷ አይታዘዝላትም፤ ልቧም የሚሠራው በመድኃኒት ነው። ክኒኑን የምቆጥርላት እኔ ነኝ።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አለችኝ። “አንቺ ከእሱ ጋር ትገናኚ እንደነበር አውቃለሁ። ሞኝ አታድርጊኝ። ያን ቀን... ለምን ነበር የሚፍቀው? ነግሮሽ ያውቃል?”

አፌ ላይ መጣ። ስሙን ላነጻለት፣ የዚያን ሁሉ ዓመት ብቸኝነቱን ልከፍልለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። ከዚህ በኋላ መሐላውን የሚጠይቀኝ የለም፤ ባለቤቱ ተቀብሯል።

“ሌሊት እነቃለሁ” አለች፣ መልሴን ሳትጠብቅ። “እነቃና፣ ሌላ ምክንያት ቢኖረውስ እላለሁ። ቢኖረው ደግሞ እኔን ምን ይውጠኛል እላለሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም።”

በጨለማው ውስጥ ፊቷ አይታየኝም፤ ትንፋሿ ግን ይሰማኛል፤ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የመቃብሩ አፈር ገና ከጫማዬ ላይ አልረገፈም።

“ሌላ ምክንያት አልነበረውም” አልኳት። “የሰረቀውን ሊደብቅ ነው።”

ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፣ ትንፋሿም ረዘመ።

“እንግዲያው በከንቱ አልጠላሁትም።”

“በከንቱ አልጠላሽውም፣ እማዬ” አልኳት።